የመጀመሪያው ሊነክሳችን ጎረቤታችን የሚያውቀው ይሁን



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ እንዴት እንደተጫነ እናውቃለን። አንድ ጓደኛ በፍላሽ ያመጣዋል፣ ይጭነዋል፣ ከዚያም አክቲቬተር የሚባለውን ፕሮግራም አስነስቶ ክራክ ያደርገዋል። ስለለመድነው ማንም አይጠይቅበትም። ጥያቄ ግን አለበት። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ ሐቅ እንደሆነና ሊጣስ እንደማይገባ ወስኗል። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችን እንጠይቅ፤ ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎች እንደመሆናችን የምንለው ሌላ ነው፦ ባለቤቶቹ ራሳቸው «ውሰዱ፣ ገልብጡ፣ ለሌላም ስጡ» ያሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። ዋጋው ወደ 3 ጊጋባይት ዳውንሎድና አንድ ፍላሽ ነው።

ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያኔ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ የእኛው እኩያ ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ጂኤንዩ በሚባለው ፕሮጀክት፣ ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ የሚጠቀምበት፣ ኮዱን የሚያጠናው፣ የሚያሻሽለውና የሚያካፍለው ሶፍትዌር እንዲኖር ሲሠራ ቆይቷል። የሁለቱ ሥራ ሲገናኝ ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት ተገኘ። ይህንኑ ሥርዓት የተለያዩ ቡድኖች በየራሳቸው መንገድ አሰናድተው ያቀርቡታል። ዲስትሮ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፦ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ አርች እና ሌሎችም ብዙ።

ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል፣ አምስት ሰው አምስት መልስ ይሰጠዋል፣ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ክራኩም ባለበት ይቀራል። በእኛ እምነት ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። ደረሳ የሻፊዒን ፊቅህ ሲጀምር ሚንሃጅን አይከፍትም። እንደ ሰፊነቱ ነጃ ያለች አጭር ኪታብ ይይዛል፤ እሷንም የሚቀራው እዚያው አጠገቡ ካለ፣ ኪታቧን ከሚያውቅ ሸኽ ነው። የመጀመሪያው ኪታብ የሚመረጠው ለጀማሪ ስለሚቀልና የሚያስቀራ ሰው ስላለ እንጂ ከኪታቦች ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። የመጀመሪያውን ሊነክስም በእነዚሁ ሁለት መለኪያዎች እንምረጥ።

በዚህ ሚዛን የእኛ ምርጫ ሊነክስ ሚንት ነው። ሜኑው ከታች በግራ በኩል ስለሆነ ዊንዶውስ የለመደ ሰው ብዙ አይቸገርም። ዋናው ሚንት የተሠራው በኡቡንቱ ላይ በመሆኑ ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ለእሱም ይሠራል። በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፣ 4 ካለው ደግሞ ይመቸዋል። ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ነገር ግን የዶርም ጓደኛችሁ ኡቡንቱን ወይም ፌዶራን በደንብ የሚያውቅ ከሆነ ያንኑ ያዙ። ሌሊት ዋይፋዩ እምቢ ሲል የሚደርስላችሁ እሱ ነው። አርች ሊነክስ ብዙ ያስተምራል፤ ግን ለክረምት እረፍት ይቆይ እንጂ ለሚድ ሳምንት አይሆንም።

«ለሙስሊም ተብሎ የተሠራ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረ። ሳቢሊ ይባላል፣ «መንገዴ» ማለት ነው። ከኡቡንቱ ተነስቶ የሶላት ወቅት ማሳወቂያና የቁርኣን ማጥኛ ፕሮግራሞችን አካትቶ ይቀርብ ነበር። ሥራው ከቆመ ግን ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እድሳት የማያገኝ ሥርዓት ስሙ ቢያምርም ለቫይረስና ለሰርጎ ገብ ይጋለጣል። የሶላት ሰዓትና የቁርኣን ፕሮግራም በማንኛውም ዲስትሮ ላይ መጫን ይቻላል። ስለዚህ ከስሙ በፊት በየጊዜው እየታደሰ መሆኑን እንይ።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ዲፓርትመንት እኩል አይመችም። አውቶካድ፣ ሶሊድወርክስና ኢታብስ በሊነክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። ስለዚህ የሲቪልና የሜካኒካል ተማሪዎች ሁለቱንም ሥርዓት ጎን ለጎን መጫን ሊኖርባቸው ይችላል፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ ጉዳይ ያኔም ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። ለኤሌክትሪካልና ለሶፍትዌር ተማሪ ግን መንገዱ ሰፊ ነው፦ ፓይተን፣ ኪካድ፣ ኦክታቭ አሉ፤ ማትላብ ራሱም የሊነክስ ስሪት አለው። ለጽሑፍ ሥራ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ ፕሮፖዛል ስታስገቡ ገጹ እንዳይዘበራረቅ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።

ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሁለተኛ፣ ሚንትን ሳትጭኑ ከፍላሹ ላይ አስነስታችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን ፈትሹ። ሦስተኛ፣ ፋይሉን ከዋናው ምንጭ አውርዳችሁ የማረጋገጫ ቁጥሩን አመሳክሩ። ሐዲስ ያለ ሰነድ እንደማንቀበል ሁሉ ከማን እጅ ወደ ማን እንደዞረ የማይታወቅ ፋይልም ላፕቶፓችን ላይ አንጫን።

ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለን። የትምህርት ዘርፉ አንድ ዲስትሮ ይምረጥ፣ የተረጋገጠውን ፋይል በጥቂት ፍላሾች ያዘጋጅ፣ ፍሬሾች በገቡ በመጀመሪያው ወር አንድ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ የመጫኛ ፕሮግራም ያሰናዳ። ለእህቶች የሚጭኑና የሚያስተምሩ እህቶች ይኑሩ። ላፕቶፕ የግል ፎቶና ጽሑፍ የተቀመጠበት አማና ነውና ለማንም አይሰጥም። በየብሎኩ አንድ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ክርክር በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ሚንት የጫናችሁም ስማችሁንና የብሎክ ቁጥራችሁን ለትምህርት ዘርፉ ስጡ፤ የሚቀጥለው ጀማሪ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል፣ ኢንሻአላህ።