ቀይ ነጥብ ሁሉ ቁንጫ አይደለም

ዛሬ በቆዳ ላይ ስለሚወጣ ቀይ ነጥብ እናነባለን።

ደጎሎ ደጋ ነው፤ ይበርዳል። ሰውና ከብት ባንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት አለ። ባናና ጋቢም ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ስለዚህ የልጅ ገላ ነጥብ ነጥብ ሲል፣ «ቁንጫ ነው፣ ተዉት» ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ቁንጫ የሚነክሰው እግርንና ወገብን ነው። ነጥቦቹ ሁለት ሦስት ሆነው ተጠጋግተው ይታያሉ። ልጁ ያካል እንጂ አያተኩሰውም። ቤቱ ይጠረግ፣ መኝታውን ፀሐይ ይምታው።

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ ከሆነስ? በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ከወጣስ? ያ እከክ ነው። እከክን የምታመጣው በጣም ትንሽ ተባይ ናት። ቆዳን ቦርቡራ ገብታ እንቁላል ትጥላለች። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች ተዛምታ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ተባይዋ መጀመሪያ ስትይዝ ቶሎ አታሳክክም፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ትቆያለች። ስለዚህ ልጁ ሲያክ እናቱንም ታናሹንም ይዛቸው ይሆናል። አንዱ ተቀብቶ ሌላው ቢቀር በሽታው ዞሮ ይመጣል። ቤተሰቡ በሙሉ ባንድ ቀን ይታከም። ልብሱ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ባናውን መቀቀል ካልተቻለ፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ርቃ ብዙ ቀን አትኖርም። ከሕክምናው በኋላም ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ ነጭ ጋዝ እንዳትቀቡ፣ አደራ!

ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይመጣል። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጃችሁ ዳብሱት፣ ይሻክራል። «ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከቤት አይወጣም፣ መርፌም አይነካውም» ሲባል እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ኩፍኝ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ዓይንም ያጠፋል። ጤና ጣቢያ ቢሄድ ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው።

ቅማልም ተስቦንና ግርሻን ታመጣለች። በጥፍር አትደፍጥጧት፤ የግርሻ ተሕዋስ የሚወጣው ስትፈርጥ ነው። ልብሱን ቀቅሉት።

አሁን አንድ መፈተኛ እናሳያችሁ። ነጥቡን በጣት ጫን አድርጉና ልቀቁት። ብዙው ሽፍታ ሲጫኑት ይደበዝዛል። ካልደበዘዘ፣ ልጁም ካተኮሰው፣ አንገቱም ከደረቀ፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጎረቤት ጥሩ፣ ቃሬዛ አውጡ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።