«ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት» ምክንያት አይሆንም

ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ከብሮውዘር የቀረበ የሥራ ዕቃ የለም። ኢሜይሉን የሚያነብበት፣ ጋዜጣውን የሚያገላብጥበት፣ የባንክ ሒሳቡን የሚያይበት፣ ሥራ የሚያመለክትበት እሱው ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት አፕዴት ተደርጎ ሲከፈት የለመደው ቁልፍ ከቦታው ሲጠፋ፣ ለዓመታት የተገለገለበት ኤክስቴንሽን «ከእንግዲህ አይሠራም» ሲባል፣ ሰውየው ቢናደድ ምን ይገርማል? ሳይጠየቅ የሥራ ዕቃው ተቀይሮበታል። እንዲህ ያለውን ቅሬታ «ለውጥ ስለሚጠሉ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ቅሬታቸው ትክክል ነው፣ ደግሞም እኛን የአማርኛ አንባቢዎችን በቀጥታ ይነካናል ባይ ነኝ።

ነገሩ በፋየርፎክስ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የፋየርፎክስ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ነው። በወሩ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው በኒውዮርክ ታይምስ ላይ የሁለት ገጽ ማስታወቂያ አወጡለት፤ ስማቸውም አብሮ ታተመ። ለብሮውዘር ከኪሱ አውጥቶ ማስታወቂያ የሚከፍል ሰው ከየት ተገኘ? ያን ጊዜ አብዛኛው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተጭኖበት ይመጣ ነበር፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ባለቤቱ እንደፈለገ እንዲያደርገው ይፈቅድ ነበር። ቱልባሩን ማንቀሳቀስ፣ ቁልፉን መጨመርና መቀነስ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ኤክስቴንሽን ጭኖ የብሮውዘሩን ጠባይ መለወጥ ይቻል ነበር። ይህን ነጻነት የወደዱት ሰዎች ለእናታቸው፣ ለመሥሪያ ቤታቸው፣ ለጓደኛቸው ጫኑላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ፋየርፎክስ በብዙዎች ትከሻ ተደግፎ አደገ።

ከዚያ በኋላ መቀነስ መጣ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 የወጣው 29ኛው እትም አውስትራሊስ የተባለ አዲስ መልክ ይዞ መጣ፤ ከታች የነበረውን የኤክስቴንሽን መደርደሪያ አስወገደ፣ ታቦችን ከአድራሻው ሥር ማድረግን ከለከለ። ሰዎች የድሮውን የሚመልስ ኤክስቴንሽን ጭነው ቀጠሉ። በኖቬምበር 2017 የወጣው 57ኛው እትም ግን የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ በአንድ ቀን አቆማቸው፤ መልክ የሚመልሰውም ከእነሱ ጋር ሄደ።

እዚህ ላይ ፋየርፎክስን ለሚሠራው ለሞዚላ መሐንዲሶች ተገቢውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። የድሮዎቹ ኤክስቴንሽኖች የብሮውዘሩን ውስጠኛ ክፍል ሁሉ ይነካኩ ነበር። መሐንዲሶቹ ከውስጥ አንድ ነገር ባሻሻሉ ቁጥር አንዱ ኤክስቴንሽን ይሰበራል፤ ክፉ ሰው የጻፈው ከሆነ ደግሞ የተጠቃሚውን ሁሉ ነገር መበርበር ይችላል። ብሮውዘሩን በብዙ ሂደቶች ከፋፍሎ ፈጣንና አስተማማኝ ለማድረግም እንቅፋት ሆነው ነበር። ለውጡ የሚመጣ መሆኑም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2015 ተነግሯል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ተተኪው ሳይዘጋጅ ነባሩ መነሣቱን ነው።

ምሳሌ ልጥቀስ። ብዙ ታብ ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች ታቦቻቸውን በጎን በኩል፣ ከላይ ወደ ታች መደርደር ይወዳሉ፤ ርእሱ ሙሉ በሙሉ ይነበባልና። ከ57ኛው እትም በኋላ ኤክስቴንሽን በጎን ዝርዝር ማሳየት ቢፈቀድለትም ከላይ ያለውን የታብ መስመር መደበቅ ተከለከለ። ስለዚህ ያው ዝርዝር ሁለት ቦታ ይታይ ጀመር። መፍትሔው ዩዘርክሮም የሚባል ፋይል በእጅ ጽፎ በፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። በ2019 የወጣው 69ኛው እትም ደግሞ ይህ ፋይል ካልተፈቀደለት በቀር እንዳይነበብ አደረገ፤ መፍቀጃው ያለው ተራ ሰው በማያውቀው የተሸሸገ ገጽ ላይ ነው። ፋየርፎክስ ራሱ ታቦችን በጎን መደርደር የፈቀደው በማርች 2025፣ በ136ኛው እትም ነው። ከ7 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሚጠይቁት ሰዎች «ጥቂቶች» ይባሉ ነበር፤ ሥራው ተሠርቶ ሲወጣ ግን እንደ አዲስ ነገር በይፋ ተዋወቀ።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ሌላ ለውጥ ነው። እስከ 2013 ድረስ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ «ምስሎችን በራስህ ጫን» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ነበር። ምልክቱን ያነሣ ሰው ድረ ገጹን ያለ ፎቶ በጽሑፍ ብቻ ያነባል። በ23ኛው እትም ሳጥኑ ተነሣ። የተሰጠው ምክንያት ሰው ሳያውቅ ነክቶት ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስለዋል የሚል ነው። ያልተገደበ ኢንተርኔት ባለበት አገር ለተቀመጠ ሰው ይህ ምክንያት ያሳምናል። በሜጋባይት ተለክቶ የተሸጠለትን ፓኬጅ ለሳምንት አብቃቅቶ ለሚጠቀም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ያ ሳጥን ገንዘብ ነበር። ዛሬም ምስል መከልከል ይቻላል፤ ግን አባውት ኮንፊግ የተባለውን ገጽ በአድራሻው ቦታ ጽፎ ከፍቶ፣ ማስጠንቀቂያውን አልፎ፣ «ፐርሚሽንስ ዲፎልት ኢሜጅ» የሚለውን መስመር ፈልጎ፣ ቁጥሩን ከ1 ወደ 2 መቀየር ያስፈልጋል። ከዚያ ተማሪ ይህን ማን ይጠብቃል?

ሌሎቹ ብሮውዘሮችም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የላቸውም። ኦፔራ በ2013 የራሱን የውስጥ ሞተር ትቶ የጉግል ብሮውዘር ክሮም የተሠራበትን ሲወስድ፣ አዲሱ እትም ቡክማርክ እንኳ ሳይኖረው ወጣ። ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዮን ፎን ቴችነር ቪቫልዲ የተባለውን ብሮውዘር ያቋቋሙት የተከፉትን ሰዎች ሰብስበው ነው። ጉግል ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በክሮም ላይ የድሮውን የኤክስቴንሽን ሥርዓት እያጠፋ፣ ማስታወቂያ በመከልከል የታወቀው ዩብሎክ ኦሪጅን እንዳይሠራ አድርጓል። ማስታወቂያ መከልከል ዐይን ማሳረፍ ብቻ አይደለም፤ ከፓኬጁ ላይ ዳታ የሚበላውን ቪዲዮ ማስቆም ነው። ፋየርፎክስ በዚህ በኩል የድሮውን ችሎታ አለመንካቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ምርጫ ከሴቲንግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ «የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ብሮውዘሩ ስለ አጠቃቀማችን ወደ ኩባንያው ከሚልከው መረጃ ነው። ሴቲንጉን አንድ በአንድ የሚያስተካክል ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ መረጃ መላኪያ ነው። ስለዚህ ለምርጫው ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ሰው ቆጠራው ውስጥ አይገባም። ቆጠራው ትክክል ቢሆን እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ ስንት ሰው እንደነካው ይናገራል እንጂ ለነካው ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅመው አይናገርም።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የእኛ ነው የምለው። ከዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ጋር ሲተያይ በግዕዝ ፊደል የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ፎንት የሚለው ጋ ገብቶ «አድቫንስድ» የሚለውን የነካ ሰው የፊደላት ዝርዝር ያገኛል፤ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ እያለ ሲወርድ ኢትዮፒክ የሚል አለ። እሱን መርጦ ለአማርኛ ብቻ የሚፈልገውን ፎንት፣ አቢሲኒካ ይሁን ኖቶ፣ መወሰን ይችላል። ዝቅተኛውን የፊደል መጠንም እዚያው ይወስናል። የክሮም ሴቲንግ እንዲህ ለየፊደሉ ለይቶ የመምረጫ ቦታ የለውም።

ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉኝ፤ ጋዜጣ በኮምፒውተር ነው የሚያነቡት። የብዙዎቹ የአማርኛ ድረ ገጾች ፊደል ለእንግሊዝኛ በተለካ መጠን ስለሚቀመጥ «በ»ን ከ«ቤ» የምትለየው ቀለበት አትታያቸውም ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይህን ፊደል ማነው ያሳነሰው?» አሉኝ አንድ ቀን። ገጹን በሙሉ ማጉላት አልበጀም፤ ጽሑፉ ከመስኮቱ እየወጣ ጎን ለጎን መጎተት ያመጣል። ያን ዝርዝር ከፍቼ ፎንቱን ቀየርኩላቸው፣ ትንሹን መጠን ወደ 20 አነሣሁት። ጋዜጣቸውን ከፈቱና ጥቂት መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። «አሁን ገና አማርኛ ሆነ» አሉ። ይህን ዝርዝር በዓለም ላይ ስንት ሰው ይከፍተዋል? በጣም ጥቂት። በ«ጥቂት ሰው» ሚዛን ከተመዘነ ነገ ሊነሣ የሚችል ነገር ነው፤ የሚነሣባቸው ግን እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ከብሮውዘር ሠሪዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለጀማሪው የሚታየውን ገጽታ ያቅልሉት፤ ይገባልም። ያለውን ምርጫ ግን ቢደብቁት እንጂ አያጥፉት። ደኅንነትን የሚነካ ሆኖ መነሣት ግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ተተኪውን ሠርተው ያሳዩን፣ ከዚያ ነባሩን ያንሡት። የተነሣውንም ነገር «አሻሽለናል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አይሸፍኑት፤ ምን እንደተነሣና በምን እንደተተካ ለይተው ይንገሩን።

ከአንባቢም የምጠብቀው አለ። ዛሬ የፋየርፎክስ ሴቲንጋችሁን ክፈቱና ኢትዮፒክ የሚለውን ፈልጉት፤ ለእናንተ ካልሆነ ለወላጆቻችሁ አስተካክሉላቸው። አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር በአፕዴት ሲነሣ ደግሞ አጉረምርማችሁ አትተዉት፤ ለሠሪዎቹ ለምን እንደምትፈልጉት፣ ማን እንደሚጎዳበት ጽፋችሁ ላኩ። ታብ በጎን መደርደር የተገኘው ሰዎች ለዓመታት ሳይሰለቹ ስለጠየቁ ነው። ቆጠራ ውስጥ የማይገባ ሰው በጽሑፍ ካልታወቀ በቀር እንደሌለ ይታሰባል፤ እኛ ደግሞ አለን።