ይመቸን እንጂ ሰው አይምሰለን



በቅርቡ ከመግሪብ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። አባቱ ወደ አኼራ ከሄዱ ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ የሚራስ ጥያቄ ነበረው። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን ስልኩ ላይ ያለውን የሚያወራ ፕሮግራም ጠይቆ መልስ ተቀብሏል። መልሱ «ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል፣ ከጎንህ ነኝ» ብሎ ይጀምርና ንብረቱን ለሚስትና ለልጆች ያካፍላል። አያቱ፣ ማለትም የሟቹ እናት፣ በሕይወት እንዳሉ ልጁ ራሱ ጽፎለታል። አንድ ስድስተኛ ድርሻቸው ግን የትም የለም። ሳሳየው «ኡስታዝ፣ እንደዚያ አዝኖልኝ እንዴት ይሳሳታል?» አለኝ።

መሳሳትማ እኔም እሳሳታለሁ። የከነከነኝ ልጁ ያመነው ስሌቱን ሳይሆን «ይገባኛል» የምትለዋን ቃል መሆኑ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ ምሁር «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። የሰውን ንግግር ወደ ጥያቄ ገልብጦ ከመመለስ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የገዛ ጸሐፊው፣ ሲሠራው ስታይ የከረመች ሴት፣ ከፕሮግራሙ ጋር ጥቂት እንዳወራች «እባክህ ውጣልኝ፣ ብቻዬን ላውራው» አለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲያ እያስጠነቀቀ ኖረ።

እኛም ሶፊያን አንረሳትም። ሮቦቷን የሠራው የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን በሶፍትዌሯ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት፤ ማሻአላህ፣ የሚያኮራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ዜግነት ሰጠቻት፣ በ2018 አዲስ አበባ መጣች። የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት ነበር (እንደኛ መንገደኛ ያስመሰላት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም)። ያኔ «ዜጋ ከሆነች ሂጃቧስ የት አለ?» እየተባለ ሲቀለድ ሲያከራክር ሰነበተ። ምን ትሠራለች፣ ለማን ትጠቅማለች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ፊት ከተሰጠው ሁላችንም ፊቱን እናያለን።

«ታዲያ ማሽን ደረቅ ይሁን ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ጾሬ ከበርታኛ ሌላ የማይናገሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት አሉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ል. ሲጀመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። በርታኛ ከነዚህ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ ልጃቸው ከሩቅ የሚልክላቸውን ብር የሚያይላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩንም የያዘው እሱ ነው። ለእኚህ እናት በቋንቋቸው የሚናገር ድምፅ ቢመጣላቸው ገንዘባቸው ወደ እጃቸው ተመለሰ ማለት ነው። ድምፁ «እናቴ፣ ናፍቀሽኛል» እንዲላቸው ማን ጠየቀ? «አምስት መቶ ብር ገብቶልዎታል» ይበላቸው፣ በቃ። «ገብቶልሻል» ሳይሆን «ገብቶልዎታል»፤ አክብሮት ማስመሰል አይደለም። ፊደሉ ይተልቅ፣ ድምፁ ይዘግይ፣ ሁሉም ሰው እንደሚመቸው ያስተካክለው። የማልፈልገው አለቅሳለሁ፣ እወድሃለሁ የሚል ማሽን ነው።

ሠሪዎቹም ችግሩን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦፕንኤአይ አንዱን የቻትጂፒቲ ማሻሻያ ሽንገላ አበዛ ብሎ ራሱ መልሶታል። ለጊዜው ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ያን ዕለት ከልጁ ጋር ሆነን «አታጽናናኝ፣ ወንድሜ አትበለኝ፣ ድርሻውን ብቻ በቁጥር ጻፍ» ብለን አዘዝነው። ታዘዘ። ስህተቱ እንዳለ ነው፣ ግን አሁን ራቁቱን ሦስት መስመር ሆኖ ቀረበ። ልጁ አንዴ አየውና እኔ ሳልናገር «አያቴስ?» አለ።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆች፣ የበርታኛ ድምፅ የምትቀዱበት ቀን ከመጣ እኔና እኚያ እናት ለመነበብም ለመቀዳትም ዝግጁ ነን። እሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፦ «ማታ ማታም ይሠራል ወይ? ልጁ ሲተኛ?»