ስለ «ተለወጠው» ዶሚናንት፦ ለቅኝት ዘበኞችና ለኮርድ ለቃሚዎች

የጅማው አውራ ጎዳና በሚያልፍበት በአየር ጤና፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ጊታር የሚያነሣ ወጣት አይጠፋም። ይህ ወጣት ወደ ጃዝ ሲጠጋ በሁለት ዓይነት ሰዎች መካከል ይወድቃል። አንደኞቹ «አልተርድ ዶሚናንት» የተባለው የተለወጠ ኮርድ የቅኝቶቻችንን ለዛ የሚያጠፋ መጤ አረም ነው ይሉታል። ሁለተኞቹ ያንኑ ኮርድ ከስልክ ላይ በጣት አቀማመጡ ብቻ ለቅመው በየትዝታውና በየባቲው ሥር እንዲነሰንስ ያበረታቱታል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይቃወማል።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንይ። ወደ ዶ የሚመራው ዶሚናንት ሶል ሰባተኛ ነው፤ ድምፆቹም ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ ናቸው። ኃይሉ የሚመነጨው በሲ እና በፋ መካከል ካለው የሦስት ሙሉ ድምፅ ርቀት ነው። ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ እስኪያርፉ ድረስ ጆሮ ዕረፍት አያገኝም። የጃዝ ሰዎች ይህን ሞተር ሳይነኩ አምስተኛውንና ዘጠነኛውን ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋሉ። በጊታሩ ፍሬት ላይ ስንፈልጋቸው ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ላ ፍላትና ሲ ፍላት ሆነው እናገኛቸዋለን። የተለወጠ የሚባለው ዶሚናንት ይኸው ነው፤ ሥራውም ውጥረቱን አክርሮ ዕረፍቱን ማጣፈጥ ነው።

እንግዲህ የቅኝት ዘበኞችን እንጠይቅ። ሜጀር ትዝታ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋም ሲም የሉትም። የዶሚናንቱ ሞተር የሚሠራባቸው ሁለቱም ድምፆች በትዝታ ውስጥ ከሌሉ፣ ለትዝታ እንግዳው የተለወጠው ዶሚናንት ብቻ ሳይሆን ተራው ዶሚናንትም ነው ማለት ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያቸውን መንፋት ከጀመሩ ወዲህ ተራው ዶሚናንት በሰልፍ ሜዳ፣ በቴአትር ቤት፣ በሆቴል ባንድ ሲሰማ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን በዝምታ ያሳለፈ ጆሮ ዛሬ ሬ ፍላት ስትታከልበት «ባህል ጠፋ!» ብሎ የሚጮኸው ስለ ምንድን ነው?

መጤው የግማሽ ድምፅ ሽኩቻ ነው እንዳይባልም አንቺ ሆዬ አለች። ከሬ ብናስነሣት ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ትሆናለች። እነዚህን በሶል ሰባተኛ ላይ ብናስቀምጣቸው ሶል፣ ሲ እና ሬ የኮርዱ የራሱ አካላት ናቸው፤ ላ ፍላትና ሚ ፍላት ደግሞ ጃዝ «ለውጥ» ከሚላቸው ውስጥ ናቸው። የማሲንቆ ተጫዋቾቻችን ይህን ቀለም ለማወቅ የማንንም የኮርድ ሰንጠረዥ አልጠበቁም።

ኮርድ ለቃሚው ግን ከዚህ ተነሥቶ ደስ አይበለው። በአንቺ ሆዬ ውስጥ ላ ፍላት ባለቤት ናት፤ ከቦታዋ እንድትሸሽ የሚያስገድዳት የለም። በጃዝ ዶሚናንት ላይ ያችው ድምፅ መንገደኛ ናት፤ ወደ ሶል ለመውረድ ትቸኩላለች። ይህን ልዩነት ያላጤነ ጊታሪስት አንቺ ሆዬን እንደ እንቆቅልሽ ቆጥሮ በሜጀር ኮርድ ሊፈታት ይታገላል። ቅኝት የሚገደለው በዚህ ዓይነቱ አለማወቅ ነው፤ ኮርዱ በደል የለበትም።

የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት የጃዝን ኅብረ ድምፅ ተምሮ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሸክላ ሲያስቀርጽም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የያዘው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ አሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱን እንዳይውጧቸው ምን ይደረግ? በብዙ ሥራዎቹ ባሱ በአንድ አጭር ሐረግ ላይ ይመላለሳል፤ ኮርዱ ይቆጠባል፤ ቅኝቱ ከላይ እንደ ልቡ ይናገራል። የሚያስቀናው ይህ ቁጥብነቱ ነው። ኮርድ በማብዛት የሚመኩ ሰዎች ግን ስሙን እንጂ ጥንቃቄውን አልወረሱም።

ለውጡን በራሳችን ቋንቋ ማስተማርም ይቻላል። ከዶ የተነሣ ትዝታ የሚጫወት ልጅ፣ ባሱ ወይም ፒያኖው ሶልና ሲን አጽንቶ ሲይዝለት፣ እጁን አንድ ፍሬት ወደ ላይ ገፍቶ ያንኑ ትዝታ ከሬ ፍላት ያንሣው። ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ሲ ፍላት ያገኛል፤ ማለትም አራቱንም ለውጦች ከነ ሰባተኛው ድምፅ። ከዚያም አንድ ፍሬት ተመልሶ ከዶ ትዝታው ላይ ይረፍ። ትዝታ በትዝታ ተፈታ! ከሥር ሶልና ሲን የሚይዝለት ከሌለ ግን ያው ጨዋታ ስሕተት ሆኖ ይሰማል፤ ብቻቸውን የሚለማመዱ ልጆች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

በአየር ጤና ላለ አስተማሪ ለዚህ አንድ ክራር፣ አንድ ጊታርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይበቃዋል። ልጁ በመጀመሪያ አንቺ ሆዬን በክራር ይቃኝ፤ ቀጥሎ በድምፁ ያዚማት፤ ከዚያ በጊታሩ ይፈልጋት፤ ከፍሬቱ ጋር አልገጥም የሚለው ድምፅ የትኛው እንደ ሆነም በገዛ ጆሮው ይለይ። የኮርዱ ተራ ከዚያ በኋላ ነው።