ድንኳን ለሁለት

ሽርሽር የባለጸጋ ነው ለሚሉ ወንድሞችና እኅቶች መልስ አለን። እኛ ሁለት እጮኛሞች፣ ኪሳችን እንደማንኛውም ተማሪ የሳሳ፣ ባለፈው ጥቅምት መናገሻ ሱባ ደን ሄደን አንድ ሌሊት አደርን። ድንኳኑ የውሰት፤ ስንቁ በሶና ቆሎ፤ እስከ ሰበታ በሕዝብ መኪና፣ የቀረው በእግር። የመግቢያው ተጨምሮ እንኳ፣ ወጪው በየቅዳሜው ለኬክና ለማኪያቶ ከምናፈሰው አልበለጠም። (ይህን ስናሰላ አፈርን።)

በወጨጫ ተራራ ጎን የቆመውን ጽድና ዝግባ በ15ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። ከሥሩ ተቀምጠን ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል እስኪመሽ አየን።

ሁሉም ግን ማር አልነበረም። ሌሊት ብርዱ ጋቢያችንን ናቀው፤ ባትሪውን የረሳው ማነው በሚል ተጣልተን እስኪነጋ ተኳረፍን። ሲነጋ በአንድ ጣሳ በሶ በጥብጠን ተቀባበልን። በኬክ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጠን ያልተዋወቅነውን ጠባይ ያን ሌሊት ተዋወቅን።

«ሳይጋቡ አብሮ ማደር ምን ይሉታል?» ብለው የሚያሙን አሉ። ሠርግ በብድር ከመደገሱ በፊት፣ ሁለቱ ተጣልተው መታረቅ መቻላቸው ይታወቅ ነው የምንለው።

ቀጥሎ ያሰብነው ወንጪ ሐይቅን ነው። እዚያ ብርዱ ይብሳል፤ ብርድ ልብስ የሚያውሰን እንፈልጋለን።