ሳይርብዎት እየበሉ ነው?

ከሥራ ወደ ሰሚት ሲመለሱ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱቅ ቺፕስና ለስላሳ ይገዙና ቤት ሳይገቡ ጨርሰው ማሸጊያውን ይጥላሉ? እራት በልተው ጠግበው፣ ሁሉም ሲተኛ ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሳሉ? እንግዲያው ይስሙኝ፤ አበላልዎን መቆጣጠር እንዳቃተዎት ምልክቱ ይህ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚያዩት ኪሎ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከእሱ በፊት ምግብ የጭንቀት፣ የብቸኝነትና የሐዘን ማስታገሻ ይሆናል።

ስኳርና ስብ አንድ ላይ የበዛበት ምግብ አንጎል ደስታ የሚያገኝበትን ሥርዓት ይቀሰቅሳል። ውጥረት ሲበዛ የሚመነጨው ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞንም ፍላጎታችንን ወደዚሁ ምግብ ይገፋል። ጭንቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ ይላል፤ ወዲያው ጸጸት ይከተላል፤ ጸጸቱም መልሶ ያስበላል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት መለኪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ካሰቡት በላይ ይበላሉ? ለማቆም ሞክረው አቅቶዎታል? እየጎዳዎት እንደሆነ እያወቁ ቀጥለዋል? «የምግብ ሱስ» በሚለው ስም ባለሙያዎች ገና አልተስማሙም። ከቁጥጥር የወጣ አበላል ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ነው።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 8 ደርሰዋል። ከሁሉም የቀደመችው አዲስ አበባ ነበረች። ዛሬ ዝም ካሉት ነገ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም ለዓመታት ሳያሳምሙ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳሉ። ልጅዎም ሲከፋው ብስኩት ከተሰጠው፣ ሲያድግ ሐዘኑን የሚያስታግስበት ሌላ መንገድ ላያውቅ ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ለመክሳት መሞከር ማታ የባሰ ያስበላል። ጾምዎን ለነፍስዎ ይጹሙ፤ ኪሎ መቀነሻ አያድርጉት። ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ላይ «ወፈርሽ እኮ!» የምትሉ ዘመዶችም እባካችሁ ተዉ። ኀፍረት ሰውን ተደብቆ ወደ መብላት ይገፋዋል እንጂ አያከሳውም።

ከነገ ጀምሮ ቁርስዎንና ምሳዎን በሰዓቱ ይብሉ። ያለ ረሃብ እጅዎ ሲዘረጋ በዚያች ሰዓት የተሰማዎትን ይጻፉ፤ ከአለቃ ጋር ተጋጭተው ነበር? ቤቱ ጭር ብሎብዎት ነበር? ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይንገሩ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳርዎንና ግፊትዎን ይለኩ። ሐኪሙ ስለ ክብደትዎ ብቻ ካነሳ «ማታ ማታ መብላት ስጀምር ማቆም ያቅተኛል» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ወደ ሥነ ልቦና ወይም ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲልክዎትም ይጠይቁ። ይህ ሕመም በንግግር ሕክምና ይታከማል።