አይጧስ ዳነች፤ ቁንጭር የያዘው ልጅስ?

«በአይጥ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል፤ ክትባቱ ደረሰ!» የሚል ነገር ሼር ሲደረግ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በአይጥ ምርምር ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ የአይጥን ውጤት የሰው አድርጎ ከሚያወራው ጋር ነው።

ቁንጭርን እንውሰድ። ቆዳ የሚያቆስል፣ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ የሚሄድ የሌሽማኒያ በሽታ ነው። ሰውነት እንዴት እንደሚቋቋመው የምናውቀው በአብዛኛው ሌሽማኒያ ሜጀር ከሚባለው ዝርያና ከሁለት ዓይነት የላብራቶሪ አይጦች ነው። ሲ57 ብላክ 6 የምትባለው ትቆስላለች፣ በራሷ ትድናለች፣ ዳግም ብትያዝም ትቋቋማለች። ባልብ ሲ የምትባለው ግን አትድንም። ትልቅ ሳይንስ ነው፤ ማን ይክዳል? ግን፦

1. የዳነችው አይጥ ተውሳኩ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ጥቂቱ ቆዳዋ ውስጥ ይቀራል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ቤልካይድና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ተውሳኩ ጨርሶ ሲጠፋ ዳግም የመቋቋም አቅሟም አብሮ ይጠፋል። ቁስል ስለደረቀ ብቻ «አለቀ» አይባልም።

2. በ2009 በወጣ ጥናት በሞተ ተውሳክ የተከተቡ አይጦች ተውሳኩን በመርፌ ሲወጉ ተቋቋሙት። ያው ተውሳክ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲገባ ግን ክትባቱ አላዳናቸውም። ታዲያ ደጋ ላይ ያለውን እረኛ በመርፌ የሚወጋው ማነው? ዝንቧ አይደለችም እንዴ የምትነክሰው?

3. የእኛ ቁንጭር በአብዛኛው የሚመጣው ሽኮኮ ላይ ከሚኖረው ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ነው። ለሜጀር እጅ የምትሰጠው ባልብ ሲ እንኳ በኢትዮፒካ እንደዚያ አትቆስልም። በሰው ተውሳክ፣ በሰው አይጥ የተገኘ ውጤት ለእኛ ልክ ይሆናል ያለው ማነው?

«ታዲያ ያለ አይጥ ምን እንሥራ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይጥ ይቅር አላልኩም! ሙከራው በዝንብ ንክሻ ይሁን፤ በራሳችን ተውሳክ ይሁን፤ ቁንጭር ይዟቸው የዳኑ ወገኖቻችንም ይጠኑ ነው የምለው።

ለሰው የተፈቀደ የሌሽማኒያ ክትባት እስከ ዛሬ የለም። በአገራችን በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ ይገመታል። «ክትባቱ ደርሷል» ያላችኋት እናት ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ብትዘገይ ጠባሳው የሚቀረው በልጁ ፊት ላይ ነው።

ስለዚህ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ፦ የትኛው ተውሳክ? የትኛዋ አይጥ? በመርፌ ወይስ በዝንብ?